ባለዕዳው ባንኩ ነው፦ የባንክ ሀሁ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቆጣቢ

በደሴ ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር በሚወስደው መንገድ የባንክ ታፔላ መቁጠር የጀመረ ሰው መንገዱ ሳያልቅ ቁጥሩ ይምታታበታል። ኮምቦልቻም ብትወርዱ ያው ነው፤ አንዱ ሕንፃ ምድር ቤቱን ለአንድ ባንክ፣ አንደኛ ፎቁን ለሌላ ባንክ አከራይቶ ታገኙታላችሁ። በየበሩ የሚለጠፈው ማስታወቂያም አንድ ዓይነት ነው፦ ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ። መኪና፣ ማቀዝቀዣ፣ የእጅ ስልክ ለዕጣ ይቀርባል። ባንክ ገንዘባችንን ተቀብሎ ውለታ የሚውልልን ቢሆን ኖሮ ሸላሚዎቹ እኛ በሆንን ነበር።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባንክ ገንዘብ ያስገባ ሰው ገንዘቡን በሣጥን አስቆልፎ አልሄደም፤ ለባንኩ አበድሯል። የሒሳብ መዝገቡም ይህንኑ ይናገራል። የእናንተ ተቀማጭ በባንኩ መዝገብ የሚሰፍረው በዕዳ በኩል ነው፤ በሀብት በኩል የሚጻፈው ባንኩ በተራው ለሌላ ሰው ያበደረው ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ባንክ ቤት የምንገባው አንገታችንን ደፍተን፣ ጉዳያችን እንዲፈጸምልን እየተለማመጥን ነው። ለዚህ የታሪክ ምክንያትም አለው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ከወረሰ በኋላ የግል ባንክ በአዋጅ እስከተፈቀደበት እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ማለት መንግሥት ማለት ነበር፤ አዋሽ ባንክ የተቋቋመው በ1987 ዓ.ም. ነው። ከመንግሥት መስኮት ፊት መቆምን የለመደ ትውልድ ልጆቹንም ያንኑ አቋቋም አስተማረ። አበዳሪ ግን እንዲህ አይቆምም። አበዳሪ ስንት ትከፍለኛለህ፣ መቼ ትመልስልኛለህ፣ ብትከስርስ ዋስህ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ብሩ የት ነው ያለው?

ሰኞ የደሴ የገበያ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ባንክ ቤቶች ከወትሮው ይጨናነቃሉ። ቅቤና ዶሮ ሸጠው የመጡ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ብር አውጥተው፣ ወረቀቱን የሞላላቸውን ልጅ አመስግነው ለገንዘብ ተቀባዩ ሰጡ። ቆጥሮ፣ አስገብቶ፣ ደብተራቸውን ሲመልስላቸው አልሄዱም።

«የኔ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ያስገባሁት እዚሁ አለ አይደል?»

«አለ እናቴ፣ አያስቡ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ልጁ ደብተሩን መልሶ ተቀበለና የመጨረሻውን መስመር በጣቱ አመለከታቸው። እሳቸው ግን አሳየኝ ያሉት ብሩን ነበር።

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ትክክለኛ መልስ ቢሰጣቸውም «እዚህ የለም» ነው የሚባሉት። በቅርንጫፉ ካዝና ያለው ለዕለት ተዕለት ወጪና ገቢ የሚሆነው ገንዘብ ብቻ ነው። ከተቀማጩ የተወሰነው በሕግ ግዴታ በብሔራዊ ባንክ ይቀመጣል፤ ቀሪው ለሌሎች በብድር ተሰጥቷል። ምናልባት በሚሌ በኩል ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጋር ነው፤ ምናልባት ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ማሽን ሆኖ ቆሟል፤ ምናልባት አዲስ አበባ ላይ ሕንፃ ወጥቶበታል። አሠራሩ የሚጸናው ሁሉም ቆጣቢ በአንድ ቀን መጥቶ ገንዘቤን አምጣ ስለማይል ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ቢመጣ የሚችል ባንክ በዓለም ላይ የለም። ለዚህም ነው ጤነኛ ባንክ እንኳ በወሬ ብቻ ሊንገዳገድ የሚችለው፤ ብሔራዊ ባንክም ገንዘብ ላጠረው ባንክ የመጨረሻ አበዳሪ ሆኖ ከጀርባ የሚቆመው።

የዚህን ትርጉም ደሴና ኮምቦልቻ በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ አይተውታል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያጥለቀልቅ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ፣ ተዘረፉ። ሆኖም ሸሽቶ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው እዚያ ባለ ቅርንጫፍ ገብቶ ከሒሳቡ ገንዘብ ማውጣት ችሏል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ የቅርንጫፉ ሣጥን ሳይሆን የባንኩ ዕዳ ነው፣ መዝገቡም የሚገኘው በዋናው የመረጃ ማዕከል ነው። ሀብቱን በሱቅ ዕቃና በቤቱ በደበቀው ጥሬ ብር የያዘ ሰው የተሰረቀበት ተሰርቆ ቀረ። በሌላ በኩል ከከተማው ያልወጣ ሰው መዝገብ ላይ መቶ ሺህ ብር እያለው እስከ ኅዳር መጨረሻ ዳቦ መግዣ አጥቶ ነበር። ስለዚህ የባንክ ተቀማጭ ከዘረፋ ያስጥላል፤ መንገድ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ብቻውን አያበላም። የጥቂት ሳምንት አስቤዛ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ በእጅ መያዝ በዚህ አካባቢ ኋላ ቀርነት ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በስልክ ላይ የተጫነ የባንክ መተግበሪያ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በኮከብ ምልክት ጀምረው የሚደወሉት አጭር ቁጥሮች፣ ለምሳሌ የቴሌብር *127# እና የንግድ ባንክ *889#፣ የስልክ መስመር ብቻ ካለ ይሠራሉ። ሁለቱንም መንገድ ማወቅ ይበጃል። የይለፍ ቁጥሩን ግን ለማንም፣ «ከባንኩ ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም፣ ለሰፈሩ ቀልጣፋ ልጅም መስጠት አይገባም፤ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ያንን ቁጥር አይጠይቅም።

ዋስ ማን ነው?

አበዳሪው ቆጣቢ ከሆነ ባንኩ ቢወድቅስ? ኢትዮጵያ ለዚህ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አቋቁማለች። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ዓረቦን ይከፍላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለእያንዳንዱ ቆጣቢ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ያለው የባንኩ ንብረት ሲጣራ የሚደርሰው ድርሻ ነው። ለሰኞ ገበያዋ እናት ይህ ሙሉ ዋስትና ነው። ቤት ሸጦ ሦስት ሚሊዮን ብር በአንድ ደብተር ላስቀመጠ ሰው ግን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን በተለያዩ ባንኮች ቢያከፋፍል ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ፦ አክሲዮን መግዛትና መቆጠብ። ባለፉት ዓመታት አዳዲስ ባንኮች ሲመሠረቱ አክሲዮን ሻጮች በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርግ ቤቱ ሳይቀር ዞረዋል። አክሲዮን የገዛ ሰው የባንኩ አበዳሪ ሳይሆን ባለቤት ነው። ትርፍ ሲኖር ይካፈላል፣ ሳይኖር አይካፈልም፤ ገንዘቤን መልሱ ማለት አይችልም፣ ማድረግ የሚችለው ድርሻውን ለሌላ መሸጥ ነው። ባንኩ ቢከስር ከሁሉም ባለገንዘቦች በኋላ የሚሰለፈው እሱ ነው፤ የመድን ፈንዱም አያውቀውም። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንክ መቋቋሚያ ካፒታልን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ በምሥረታ ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ ባሰቡት መንገድ መቀጠል አልቻሉም፤ አክሲዮን ገዝተው የነበሩ ሰዎችም ገንዘባቸውን ለመቀበል ደጅ ጠንተዋል። አክሲዮን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በአክሲዮን አይቀመጥም ማለቴ ነው።

ሰባት በመቶ እና የገበያው ዋጋ

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ አብዛኛው ሰው በተራ የቁጠባ ደብተር የሚያገኘው ይህንኑ ሰባት በመቶ ነው፤ ከወለዱ ላይም ግብር ይቆረጣል። በነዚህ ዓመታት ዋጋስ ስንት ጨመረ? በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ወርዷል።

የ14 በመቶ ግሽበት ማለት ዋጋ ወረደ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ዋጋ አሁንም ይጨምራል፤ የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ቴሌቪዥን «ግሽበት ቀነሰ» ሲል የሽንኩርት ዋጋ ቀንሶ ለማግኘት የሄደ ሰው ዋሹኝ ብሎ የሚመለሰው ይህ ስላልተብራራለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ዛሬ 100,000 ብር አለኝ፤ በዚህ ብር የቤቴን የዓመት ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሌላውን ሁሉ እገዛለሁ እንበል። ገንዘቡን በሰባት በመቶ ባስቀምጠው በዓመቱ 107,000 ብር ይሆናል። ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ግን በ14 በመቶ ግሽበት 114,000 ብር ያስፈልገኛል። ደብተሬ ሰባት ሺህ ብር አተረፍክ ይለኛል፤ ቤቴ ግን የሰባት ሺህ ብር ዕቃ ይጎድላታል። በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር በእጄ ያለው 94,000 ብር ያህል ነው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው የ30 በመቶ ፍጥነት ቢሆን ወደ 82,000 ይወርድ ነበር። ባለሙያዎች እውነተኛ ወለድ የሚሉት ይህን ነው፦ ከወለዱ ላይ ግሽበቱ ሲቀነስ የሚተርፈው፤ በእኛ አገር ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚጎድለው።

ገንዘቡ የት ሄደ? የተበደረው ሰው ጋር። ነጋዴው ዛሬ ተበድሮ ዕቃ ገዝቶ ዋጋው ሲንር ሸጦ፣ በረከሰ ብር ዕዳውን ይከፍላል። ባንኩም በሚያበድርበትና ለቆጣቢ በሚከፍለው ወለድ መካከል ያለውን ልዩነት ይይዛል። ስለዚህ ግሽበት ባለበት አገር ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ማለት ከትንንሽ ቆጣቢዎች ወደ ትልልቅ ተበዳሪዎች በዝግታ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ቅቤ ሸጠው የሚቆጥቡት እናት ሳያውቁት ባለሕንፃውን ይደጉማሉ። ይህን ጉዳይ ከወለድ መቶኛ አልፎ የፍትሕ ጥያቄ አድርጌ የማየው ለዚህ ነው።

ቆጣቢው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ሰባት በመቶው ወለል እንጂ ጣሪያ እንዳልሆነ ይወቅ። በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ማለትም ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ላልነካው ብሎ ውል የሚገባበት ተቀማጭ፣ ወለዱ በድርድር ይወሰናል። ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ያስተዋወቀው የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ነው፤ ባንኮች እርስ በርስና ከብሔራዊ ባንክ ጋር ሲበዳደሩ ዋጋው በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል። ታዲያ ባንኩ ከሌላ ባንክ በ15 በመቶ አካባቢ የሚበደረውን ገንዘብ ከእናንተ በሰባት ሲያገኝ ደስ ቢለው አይገርምም። በርከት ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ «ለአንድ ዓመት ባስርላችሁ ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ጎረቤት ባንክ ገብቶ ያንኑ መጠየቅ መብቱ ነው። ውሉ ሳይደርስ ገንዘቡ ቢወጣ ወለዱ ወደ ተራ ቁጠባ ሊወርድ ወይም ሊቀር ስለሚችል ያንን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ግን መልሱን በሌላ መንገድ አግኝቶታል፦ ብር ሲያገኝ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ሲሚንቶ ወይም ወርቅ ይገዛል። ሰነፍ ሐሳብ አይደለም፤ ከግሽበቱ ጋር አብሮ የሚጨምር ነገር መያዝ ነው። ችግሩ ልጅ ሌሊት ሲታመም ቆርቆሮ ሆስፒታል ይዞ አይኬድም። የተጣደፈ ሻጭ ሁልጊዜ በርካሽ ይሸጣል፤ መጋዘንም እንደሚሰበር በ2014 አይተናል። በእኔ ግምት ለአደጋ ጊዜ የሚያስፈልግ ገንዘብ፣ የሦስት ወር ወጪ ያህል፣ እየተሸረሸረም ቢሆን ባንክ ይቀመጥ፤ መሸርሸሩ በፈለጉት ሰዓት ለማውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው። ለአምስት ዓመት የማይነካ ገንዘብ ግን በሰባት በመቶ ደብተር ላይ ተኝቶ መክረም የለበትም።

ወለድ ለማይወስድ ሰው

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህ ሁሉ የወለድ ንግግር የማይመለከተው ብዙ ሰው አለ። ለዓመታት ሙስሊም ቆጣቢዎች ወለዱን ሳይነኩ ለባንኩ ይተዉለት ነበር፤ ባንኩም በነፃ ገንዘብ ይነግድ ነበር። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት የተፈቀደው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሂጅራ ተከተለው።

እዚህም ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ወዲዓ የሚባለው ሒሳብ አደራ ነው፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ጭማሪ ግን የለውም። በ14 በመቶ ግሽበት የወዲዓ 100,000 ብር በዓመቱ ወደ 88,000 ብር ዋጋ ይወርዳል። ሙዳረባ ደግሞ የትርፍ ተካፋይነት ነው፤ ቆጣቢው ገንዘቡን ለንግድ ሰጥቶ አስቀድሞ በተስማሙበት መጠን ትርፍ ይካፈላል፣ በመርሁም የገንዘብ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው እሱ ነው። ብዙ ሰው ከወለድ ነፃ ሒሳብ ክፈቱልኝ ሲል ሳያውቀው ወዲዓ ተከፍቶለት ይቀራል። ሙዳረባ ካለ መጠየቅ፣ ያለፈው ዓመት የትርፍ ድርሻ ስንት እንደነበረ ማስነገር ሃይማኖቱንም ኪሱንም አይጎዳም። በብድር በኩል ያለው ሙራበሓ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛና የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለሚቆረጥ ውሉን ለመረዳት ከወለድ ብድር ይልቅ ይቀላል፤ ረከሰ ወይም ተወደደ የሚለውን ግን ጠቅላላ ክፍያውን ደምሮ ማወዳደር ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ከመስኮቱ ወዲያ፦ ስትበደሩ

አሁን ወንበሩ ይቀየራል። ተበዳሪው እናንተ ስትሆኑ የመጀመሪያው የምትሰሙት መልስ «ብድር ቆሟል» ሊሆን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ግሽበትን ለማርገብ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ጣለ፤ በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ጣሪያ ባለበት ጊዜ ባንክ ያለችውን ጥቂት ድርሻ ለማን ይሰጣል? ለነባርና ለትልቅ ደንበኛ። የኮምቦልቻ ትንሽ እንጨት ሠሪ ወረፋው አይደርሰውም።

ደርሶት ውል ሲቀርብለት ከወለዱ መቶኛ በፊት ማየት ያለበት ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ነው። 500,000 ብር ለሦስት ዓመት በ17 በመቶ ወለድ ተበደርን እንበል። በአንዱ ስሌት ወለዱ የሚታሰበው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው፤ በየወሩ ዋናው ሲቀንስ ወለዱም ይቀንሳል። የወሩ ክፍያ 17,826 ብር ገደማ፣ በሦስት ዓመት የሚከፈለው ወለድ 142,000 ብር ያህል ይሆናል። በሌላው ስሌት ወለዱ እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 500,000 ብር ላይ ይታሰባል። የወሩ ክፍያ 20,972 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ 255,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው 17 በመቶ ነው! ሁለተኛው በመጀመሪያው አቆጣጠር ቢመነዘር ወደ 29 በመቶ ይጠጋል። ልዩነቱ 113,000 ብር ነው፤ የሚድነውም «በየወሩ ስንት፣ ለስንት ወር?» ብሎ በስልክ ካልኩሌተር ማባዛት በሚወስደው ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ መያዣው ይመጣል። በከተማችን ባንክ ከሁሉም በፊት የሚጠይቀው የቤት ካርታ ነው። ቤቱን የባንኩ መሐንዲስ ይገምተዋል፤ ግምቱ ገበያው ከሚያወጣው በታች፣ ብድሩ ደግሞ ከግምቱ በታች ይሆናል። ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ለወንድም ወይም ለአማች ብድር ካርታውን ያስያዘ ሰው የፈረመው በዚህ ላይ ነው። ካርታ የሌለው ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ የንግድ ዕቃ፣ ከብት ጭምር በመያዣነት ማስመዝገብ ይችላል፤ በተግባር ግን ቅርንጫፎች አሁንም ወደ ካርታው ያዘነብላሉ። የወሎ ገበሬ ከብድር ጋር የተዋወቀው በሌላ መንገድ ነበር፦ አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ገበሬዎችን በቡድን አደራጅቶ እርስ በርስ ዋስ እንዲሆኑ እያደረገ ያበድር ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና አንዳንዴ ከመሐንዲስ ግምት የተሻለ መረጃ ነው።

ዕቁብም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይችላል። ዓሥራ ሁለት ሰዎች በወር 10,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ 120,000 ብር ይሰበሰባል፤ መጀመሪያ የደረሰው ከራሱ 10,000 ሌላ 110,000 ብር ያለወለድ ተበድሯል፤ የመጨረሻው ዓመት ሙሉ አበድሮ 120,000 ብሩን የሚያገኘው ዋጋ ሁሉ ካሻቀበ በኋላ ነው። ግሽበት ሲበረታ ቀዳሚ ዕጣ የሚሸጥበት ዋጋ የሚጨምረው ለዚህ ነው። የዕቁብ ሰብሳቢ ኢኮኖሚክስ አልተማረም፤ ሒሳቡን ግን ያውቀዋል።

ስለ ቼክ አንድ ነገር ብቻ። በንግድ ሰፈር ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ እንደ ዋስትና ሲሰጥና ሲቀበል ይታያል። በሒሳብ ላይ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል፤ «ለመያዣ ብቻ ነው የሰጠሁት» ማለት ብዙም አያድንም።

ከሳዑዲ የሚመጣው ሪያል

ወሎ ውስጥ ስለ ባንክ ሲወራ ሳዑዲ ያለችው ልጅ ሳትነሣ አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ይፋዊ ዋጋ 57 ብር አካባቢ ነበር። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሮ ስለሚኖር አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር ማለት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከ30 ብር አለፈ። አንድ ሺህ ሪያል የላከች ልጅ ቤተሰቧ በባንክ በኩል የሚቀበለው ብር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለዓመታት በጓሮ የሐዋላ መንገድ ትልክ የነበረችው ልጅ በይፋዊውና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ስለጠበበ ወደ ባንክ መመለስ የሚያዋጣት ሆነ፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር የምትከስሰው ያላት በባንክ በኩል ስትልክ ብቻ ነው። ነገር ግን የብር መርከስ በዘይቱ፣ በመድኃኒቱና በነዳጁ ላይም ስለሚመጣ እጥፍ ብር እጥፍ ኑሮ አልሆነም።

በዚሁ ለውጥ ብዙ ሰው ያልሰማው አንድ ፈቃድ ተካቷል፦ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ በሐዋላ የተላከለትን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥ ይችላል። እስከ ዛሬ የነበረው ልማድ ሪያሉ እንደ ደረሰ ወደ ብር ተመንዝሮ በሰባት በመቶ ደብተር ላይ መተኛት ነው። ልጅቱ ስትመለስ ቤት ልትሠራበት የምትልከው፣ እናት ለዕለት ወጪ የማትነካው ገንዘብ ከሆነ ግን ሁሉንም በብር ማስቀመጥ ግድ አይደለም። ለቅርንጫፉ የሚቀርበው ጥያቄም አጭር ነው፦ ይህን ሒሳብ ትከፍታላችሁ ወይ፣ ወለድ አለው ወይ፣ ከእሱ ላይ የተወሰነውን ወደ ብር መመንዘር ስፈልግ በየትኛው ዋጋ ታስቡልኛላችሁ። አንዱ ቅርንጫፍ አናውቀውም ካለ ታፔላው የበዛበት መንገድ ላይ ሌላ ባንክ አይጠፋም፤ የዕለቱን የሪያል መግዣ ዋጋም እያንዳንዱ ባንክ በየቀኑ ስለሚያወጣ ከመመንዘር በፊት ሁለት ሦስቱን ማወዳደር ይቻላል።